ስምን መልአክ ያወጣዋል? የካርል ሊኒየስ ሕይወትና የዕፅዋት የዝምድና ክርክር

በኛ አገር ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዕፅዋትን ሳይንሳዊ ስም ግን መልአክ አላወጣውም። ያወጡት ሰዎች ናቸው፤ ያውም ሲከራከሩ፣ ሲኮራረፉ፣ አንዱ የካበውን ሌላው ሲንድ። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ ስሙ ከሁሉም በላይ የገነነው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው።

እኔ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ እንጂ ባዮሎጂ አላጠናም። ታዲያ ስለ ዕፅዋት ምን አገባህ የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው። የቡናችን ሳይንሳዊ ስም ኮፊያ አራቢካ መሆኑ ከነከነኝ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ያበቀለው ተክል እንዴት ብሎ የዓረብ ተባለ? ማን አለው? ይህን ስፈልግ ያገኘሁት ሊኒየስን ነው። እስኪ የሰውየውን ሕይወትና በዙሪያው የነበረውን ክርክር ባጭሩ ላጫውታችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዛፍ የተወሰደ ስም

ሊኒየስ በግንቦት ወር 1707 በደቡብ ስዊድን ሮስሁልት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኒልስ የሉተራን ቄስ ነበር፤ ከስብከቱ ሌላ አትክልት መትከል ይወዳል። በዚያ ዘመን የስዊድን ገበሬ የቤተሰብ ስም አልነበረውም፤ ልክ እንደኛ የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር አያይዞ ይጠራ ነበር። ኒልስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን የቤተሰብ ስም አስፈለገው። በቤተሰቡ መሬት ላይ ትልቅ የሊንደን ዛፍ ስለነበር ከሱ ወስዶ ሊኒየስ ተባለ። እንግዲህ ለሺዎች ዕፅዋት ስም ያወጣው ሰው የራሱን ስም ያገኘው ከዛፍ ነው ማለት ነው።

ልጁ ካርል ትምህርት ቤት ገብቶ ጎበዝ አልወጣውም። ቤተሰቡ ቄስ እንዲሆን ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ልቡ ሜዳ ላይ ነው። መምህራኑ ከትምህርት ይልቅ የእጅ ሙያ ይሻለዋል ብለው ለአባቱ እንደነገሩት ይተረካል። ያተረፈው ሮትማን የሚባል ሐኪም መምህር ነው። አባቱን አግባብቶ ልጁ ሕክምና እንዲያጠና አስፈቀደ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት የሚቀመመው በአብዛኛው ከዕፅዋት ስለነበር ሕክምና ማጥናት ማለት ዕፅዋትን ማጥናት ነበር።

ካርል በ1727 ሉንድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ችግር በጣም ጠናበት። ጫማው ተቀዶ ከውስጥ ወረቀት ይወትፍበት እንደነበር ተጽፏል። ኋላ ኦሎፍ ሴልሲየስ የሚባሉ የሃይማኖት ሊቅ እውቀቱን አይተው ቤታቸው አስገቡት። ሊኒየስም ውለታውን ለመመለስ በ1730 መግቢያ ላይ ስለ ዕፅዋት ጾታ አንድ ትንሽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ሰጣቸው። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ወዲያው አስተማሪነት አስገኘለት። በ1732 ደግሞ የስዊድንን ሰሜናዊ ጫፍ ላፕላንድን ለወራት ዞሮ አጠና።

ክርክሩ ምን ነበር?

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላት እናስታውስ። ተቀራራቢ ዝርያዎች ሲሰበሰቡ ወገን ወይም ጂነስ ይባላሉ። ተቀራራቢ ወገኖች ሲሰበሰቡ ደግሞ ቤተሰብ ወይም ፋሚሊ ይሆናሉ። ጥያቄው ታዲያ ማን ከማን ጋር ይዛመዳል የሚለው ነው። ዝምድናውስ በምን ይታወቃል? በአበባው? በፍሬው? በቅጠሉ? ወይስ በሁሉም?

ሊኒየስ በተወለደበት ጊዜ መርከቦች ከአሜሪካ፣ ከእስያና ከአፍሪካ አዳዲስ ተክል እያመጡ አውሮፓ ያፈሱ ነበር። አንድ ተክል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያህል የላቲን ስም ይኖረዋል፤ ሌላ ሊቅ ደግሞ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይሰጠዋል። እንግሊዛዊው ጆን ሬይ ብዙ የተክሉን ክፍሎች ባንድነት አይተን እንመድብ ይል ነበር። ፈረንሳዊው ቱርንፎር ግን በ1694 ባሳተመው መጽሐፍ የአበባውን ቅርጽ መሠረት አድርጎ ወደ 700 የሚጠጉ ወገኖችን ለየ። ወገን የሚባለውን ነገር በግልጽ አስቀምጦ መልክ ያስያዘው ቱርንፎር ነው ማለት ይቻላል።

ሊኒየስ በ1735 ወደ ሆላንድ ሄደ። እዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሕክምና ዶክትሬቱን ተቀበለና በዚያው ዓመት ሲስተማ ናቱሬ የተባለውን ሥራውን አሳተመ። ያኔ ገጾቹ በጣት የሚቆጠሩ ትልልቅ ወረቀቶች ነበሩ። ዘዴው ቀላል ነው፤ የአበባውን ወንዴ ክፍሎች ቁጠር። አንድ ከሆነ አንደኛ መደብ፣ ሁለት ከሆነ ሁለተኛ መደብ እያለ ይሄዳል። ቁጥር ብቻ ሳይሆን ርዝመትና አቀማመጥም እየታየ በጠቅላላው 24 መደቦች አሉ፤ የመጨረሻው አበባቸው ለማይታይ ተክሎች የተተወ ነው። መደቡ ከታወቀ በኋላ የሴቴ ክፍሎች ተቆጥረው ወደ ንዑስ መደብ ይወረዳል። በቃ! ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መቁጠር የሚችል ሁሉ አንድን ተክል መጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል።

ከዚያ ክሊፈርድ በሚባል ሀብታም የባንክ ሰው የአትክልት ቦታ ተቀጥሮ እየሠራ በ1737 ጄኔራ ፕላንታሩም የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። በውስጡ 935 ወገኖች በአበባቸውና በፍሬያቸው ተገልጸዋል። ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነው!

ቡና የጃስሚን ዘመድ ነበር

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልምጣ። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ነው። ከየመን የወጣው ተክል በሆላንዶች እጅ ዞሮ የአውሮፓ የአትክልት ቦታዎች ገባ። በ1713 የፓሪሱ አንቷን ደ ዡሲዩ ቡናን መረመረና የዓረብ ጃስሚን ብሎ መደበው። ነጭ አበባው፣ ሽታው እውነትም ጃስሚን ያስመስለዋል። የቡና አበባ ያሸተተ ሰው አይፈርድበትም።

ሊኒየስ ግን ቆጠረ። የጃስሚን ወንዴ ክፍሎች ሁለት ናቸው፤ የቡና አምስት። ስለዚህ ቡናን ከጃስሚን ለይቶ ኮፊያ የሚል የራሱ ወገን አቆመለት። በ1753 ደግሞ አራቢካ የሚለውን የዝርያ ስም ጨመረበት። እዚህ ላይ ፍርዱን ለሁለት ልክፈለው። በወገኑ ላይ ትክክል ነበር፤ ቡናና ጃስሚን ዛሬም በተለያየ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። በአገሩ ላይ ግን ተክሉ የመጣበትን መንገድ እንጂ የበቀለበትን ጫካ አልያዘም። ሰውየው ኢትዮጵያን ቀርቶ ከአውሮፓ ውጪ አንድም አገር አላየም።

ታዲያ ለምን አይታረምም? የዕፅዋት ስም አወጣጥ ሕግ የ1753ቱን ስፒሽስ ፕላንታሩም መነሻ አድርጎ ቀድሞ የወጣ ስም ይጽና ስለሚል ነው። ስሙ ስለ አገሩ ማሳሳቱ ብቻውን ለመለወጥ አይበቃም።

ተቃዋሚዎቹ

ተቃውሞው የመጣው ከሁለት በኩል ነው። አንደኛው የሥነ ምግባር ነበር። ሊኒየስ ስለ አበባ ሲጽፍ ባልና ሚስት፣ ጫጉላና አልጋ እያለ ነው። አንዲት ሚስት ለሃያ ባሎች የሚል ነገር ሲመጣ በፒተርስበርግ የነበረው ሲገስቤክ ተቆጣ። በ1737 ባሳተመው ጽሑፍ እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ብልግና በአበባ ውስጥ አያኖርም ብሎ ተከራከረ። ሲገስቤኪያ የምትባለው አረም በሱ ስም የተጠራች ናት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ቁም ነገር ነበረው። በመቁጠር ብቻ ዝምድና ይታወቃል ወይ? ለዚህ ከማጀታችን ምሳሌ ላምጣ። በሶብላ፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል አንድ ቤተሰብ ናቸው። ነገር ግን የጥብስ ቅጠል አበባ ወንዴ ክፍሎቹ ሁለት ሲሆኑ የበሶብላና የጦስኝ አራት ናቸው። በሊኒየስ አቆጣጠር የጥብስ ቅጠል ከዘመዶቹ ተለይቶ ከጃስሚን ጋር ሁለተኛው መደብ ውስጥ ገባ። ስንዴ ሦስት አለው፣ ሩዝ ስድስት፤ በቆሎ ደግሞ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ስለሆነ ሌላ መደብ ሄደ። ሦስቱም ግን የሣር ቤተሰብ ናቸው። በተቃራኒው ቡናና ድንች አምስት አምስት ስላላቸው በአንድ ክፍል ተገናኙ። በስልክ ቁጥራቸው የመጨረሻ አሃዝ ሰዎችን ወንድማማች እንደማለት ነው።

እኔን ያስገረመኝ ይህንን ድክመት ሊኒየስ ራሱ አሳምሮ ማወቁ ነው። መደቦቹ ለፍለጋ የሚያገለግሉ ሰው ሠራሽ መሰላሎች መሆናቸውን አልደበቀም። እውነተኛውን ማለትም በተፈሯዊ ዝምድና ላይ የተመሠረተውን አመዳደብ ማግኘት የዕፅዋት ጥናት የመጨረሻ ግቡ እንደሆነ ያምን ነበር። በ1738 ባሳተመው ሥራም ተፈሯዊ የሚላቸውን 65 ስብስቦች ዘርዝሯል። ነገር ግን እያንዳንዱ ስብስብ በምን እንደተለየ አንድ ቁርጥ ያለ ምልክት ማስቀመጥ አልቻለም። ዓይኑ ዘመዳማቾቹን ያያል፣ እጁ ግን ደንቡን መጻፍ ያቅተዋል።

ስለ ወገን ያለው አቋም ግን ጽኑ ነበር። መደብን ሰው ይሠራዋል፣ ወገንን ግን ተፈጥሮ ነው የሠራችው ይላል። ምልክቱ ወገኑን አይፈጥረውም፤ ወገኑ አስቀድሞ አለ፣ ምልክቱ ተከትሎ ይጻፋል። ይህን ካመነ በኋላ ነው እንግዲህ የሌሎችን ወገኖች ያለ ርኅራኄ ያፈረሰው። ቱርንፎር ቲማቲምን ራሱን የቻለ ወገን አድርጎት ነበር፤ ሊኒየስ በ1753 ከእምቧይና ከድንች ጋር ሶላኑም ውስጥ ጨመረው። ግራርንም ሚሞዛ ውስጥ ከተተው። እንግሊዛዊው አትክልተኛ ፊሊፕ ሚለር ደግሞ በ1754 ሁለቱንም መልሶ አወጣቸው።

መምህሩና ተማሪዎቹ

ሊኒየስ በ1738 ስዊድን ተመለሰ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሣራ ኤልሳቤጥ ሞሬያን አገባ፣ በ1741 ደግሞ የኡፕሳላ ፕሮፌሰር ሆነ። ጥሩ መምህር ነበር። ተማሪዎቹን አስከትሎ ሜዳ ሲወጣ የሠርግ አጀብ ይመስል ነበር አሉ። በ1753 ያሳተመው ስፒሽስ ፕላንታሩም 6,000 ገደማ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱም ዛሬ የምንጠቀምበትን የሁለት ቃል ስም ሰጠ። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው። የዓረፍተ ነገሩ ስም በዚህ አበቃ።

እሱ ቤቱ ተቀምጦ ተማሪዎቹን ወደ ዓለም ላከ። ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ከነሱ አንዱ ፔተር ፎርስኮል ነው። በዴንማርክ ንጉሥ ከተላኩት ጋር ግብፅንና የመንን እያጠና ሳለ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ማስታወሻውን ያሳተመው ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ኒቡር ሲሆን፣ ጊዜውም 1775 ነው። በማስታወሻው ውስጥ ጫት ይገኝበታል። የጫት ወገን ስም ካታ የመጣው ፎርስኮል በየመን ከሰማው የዓረብኛ ቃል ነው። ሊኒየስም ለሟች ተማሪው መታሰቢያ አንዲት ልብስ ላይ ተጣብቃ የማትለቅ ተክል ፎርስኮሊያ አላት።

ሌላው ሊነሳ የሚገባው ሰው ፈረንሳዊው ሚሼል አዳንሶን ነው። ከ1749 እስከ 1753 ሴኔጋል ተቀምጦ አጠና። የአፍሪካ ተክል በአውሮፓ ሳጥን ውስጥ አልገባ ሲለው ሳጥኑን ተጠራጠረ። በ1763 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምልክት ብቻ መቁጠር ይቅር፣ የተክሉ ሁሉም ክፍል ይታይ ብሎ ዕፅዋትን በ58 ቤተሰቦች ከፈለ። የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም ይጠበቅ የሚል አቋምም ነበረው። ሊኒየስ ግዙፉን የባኦባብ ዛፍ አዳንሶኒያ ብሎ በስሙ ሲሰይምለት እንኳ አልተቀበለም፤ ባኦባብ ማለቱን ቀጠለ። ስሙ እንዲጠራለት የማይፈልግ ሰው አለ እንዴ? ነበረ።

የሊኒየስ ሳጥን ከዕፅዋት አልፎ ሰውም ላይ ደርሷል። በሲስተማ ናቱሬ ሰውን በአራት ከፍሎ፣ በ1758ቱ አሥረኛ እትም ለእያንዳንዱ ጠባይ ሰጠው። አውሮፓዊውን ብልህና በሕግ የሚተዳደር፣ አፍሪካዊውን ሰነፍና ተንኮለኛ አደረገው። ይህንን ዘልዬ ባልፈው ታሪኩ ይጎድላል። ለአበባ ያን ያህል የተጠነቀቀ ዓይን ለሰው ሲሆን ያላየውን ጻፈ። ያ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ቡናው ስም ከንካኝ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በኋላ ለመጣው የዘረኝነት አስተሳሰብ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው።

ከሞቱ በኋላ

ሊኒየስ የመኳንንት ማዕረግ አግኝቶ፣ በመጨረሻ ዓመታቱ በስትሮክ ተመቶ የገዛ ሥራውን እስከመርሳት ደርሶ በጥር 1778 ኡፕሳላ ውስጥ ዐረፈ። ስብስቡን እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ በ1784 ገዛው። ለንደን ያለው የሊኒየስ ማኅበር የተቋቋመው በ1788 በዚሁ ሰው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1789 የአንቷን የወንድም ልጅ አንቷን ሎራን ደ ዡሲዩ ዕፅዋትን በ100 ቤተሰቦች የከፈለ መጽሐፍ አወጣ። ሊኒየስ ሲመኘው የኖረው የተፈሯዊ ዝምድና አመዳደብ በዚህ እግር አወጣ፤ የ24ቱ መደቦች ቆጠራ ቀስ በቀስ ተተወ። የጸናው ስም አወጣጡ ነው።

ክርክሩ ግን አላለቀም። ቲማቲም ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በሚለር ስም ሲጠራ ቆይቶ በ1993 የዲኤንኤ ጥናት ወደ ሶላኑም መለሰው፤ ሊኒየስ ልክ ነበር። የጥብስ ቅጠልም በ1753 የተሰጠውን የራሱን ወገን አጥቶ በ2017 በወጣ ጥናት ከሳልቪያ ወገን ጋር ተቀላቅሏል።

በጣም ያከራከረው የግራር ነገር ነው። አካሺያ የሚለው ወገን የቆመው በአፍሪካ ግራር ላይ ነበር። በኋላ ግን ወገኑ አንድ አለመሆኑ ተረጋገጠና መከፈል ግድ ሆነ። ስሙ ለማን ይድረስ? በሕጉ ከሆነ ለአፍሪካው ነው። አውስትራሊያ ግን ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ስላሏት ስሙን ለኛ ተዉልን አለች። በ2005 ቪየና ላይ ድምፅ ሲሰጥ 54.9 በመቶው ተቃወመ፤ ሐሳቡን ለመጣል ግን 60 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር ስሙ ለአውስትራሊያ ሄደ፣ በ2011 ሜልበርን ላይም ጸና። ስለዚህ አካሺያ አቢሲኒካ የነበረው ጃንጥላ መሳይ ግራራችን ዛሬ ቫሺሊያ አቢሲኒካ ነው። ቫሺል ቻይና ውስጥ ዕፅዋት ይሰበስብ የነበረ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። አቢሲኒካ የሚለው መትረፉም አንድ ነገር ነው።

ደግሞ ሌላ ዜና አለ። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥቁር አፍሪካውያንን ከሚያዋርድ ስድብ የመጣውን ካፍራ የሚል የዝርያ ስም በ351 ለ205 ድምፅ ወደ አፍራ ለወጡት። ከ200 በላይ ስሞች ተነክተዋል። አይለወጥም የተባለው ሕግ ሰዎች ሲፈልጉ ተለወጠ ማለት ነው።

እኔ ከሊኒየስ ሕይወት የያዝኩት ይህንን ነው። መሰላሉን እውነት አለማስመሰሉ ትልቅነቱ ነው፤ ሄዶ ያላየውን አገርና ሰው በአንድ ቃል መዝጋቱ ደግሞ ትንሽነቱ። እኛም ነገ ሥራችን ስም ማውጣት ነው። ለአንድ ሰፈር፣ ለአንድ ብሔረሰብ፣ ለአንድ ግጭት በዜናችን የምንሰጠው ስም ከኛ ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል። አራቢካ ከ270 ዓመት በላይ ቆይቷል። መልአክ የሚያወጣልን ስለሌለ፣ ከመጻፋችን በፊት እስከ ጫካው ድረስ ሄደን እንይ።

ቸር እንሰንብት!